በመሃል አዲስ አበባ በነጻ የሚገባባቸው የጥበብ ዝግጅቶች፦ የቱ ለማን ይሆናል?

መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ሳንቲም ሳይከፍሉ የጥበብ ዝግጅት ማየት ለሚፈልግ ሰው አማራጭ ሞልቷል። አንዱ ጋ መጽሐፍ ይመረቃል። ሌላው ጋ ኤግዚቢሽን ይከፈታል። ፊልም አለ፣ ኮንሰርት አለ፣ ግጥም አለ። በዓል ሲደርስ ደግሞ አደባባዩ ራሱ መድረክ ይሆናል። ግን ስንቱ ሰው ነው ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ሁለት ሰዓት ወንበር አሙቆ፣ "ለዚህ ነው የደከምኩት?" እያለ ቤቱ የሚገባው? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዝግጅቱ አይደለም። ምርጫው ነው ያልገጠመው።

እዚህ የማወዳድረው አራት ዓይነት ዝግጅቶችን ነው፦ የውጭ የባህል ተቋማትን፣ የመጽሐፍ መድረኮችን፣ የሙዚቃና የሥነ ጥበብ ተማሪዎችን ዝግጅቶች፣ የአደባባይ በዓላትን። መለኪያዬን ከወዲሁ ልናገር። እኔ የማየው ሥራውን ከሚያቀርበው ሰው ጋር ምን ያህል እንደሚያቀራርብ ነው። ስመ ጥር ሙዚቀኛን ከሃያኛው ረድፍ ማየት ደስ ይላል፤ ግን ዩቲዩብም ያሳያችኋል። ጠጋ ብሎ መስማት፣ መጠየቅ፣ መከራከር፣ አብሮ መዝፈን ግን ቤት ተቀምጦ አይገኝም። ከቤት የሚያስወጣኝ ይሄ ነው። መለኪያችሁ ሌላ ከሆነ ውጤቱም ሊገለበጥ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ነጻ የሚባለው በሩ ላይ ነው። የታክሲው፣ የማኪያቶው፣ ምሽት ላይ ታክሲ ሲጠፋ የሚጠራው የራይድ ሒሳብ ከኪስ ነው የሚወጣው። አያት ወይም ጀሞ ለሚኖር ሰው ስድስት ኪሎ ላይ ማታ የሚደረግ "ነጻ" ኮንሰርት ከሰፈሩ ሲኒማ ቤት ትኬት ሊበልጥበት ይችላል። አራት ኪሎ ለሚሠራ ሰው ግን ከቢሮ ወጥቶ የሚያዘግምበት መንገድ ነው።

ጎተ፣ አሊያንስና መሰሎቻቸው

ብዙ ሰው "ነጻ ዝግጅት" ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት የውጭ የባህል ተቋማት ናቸው። ቢመጡለትም አይገርምም። የፈረንሳዩ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አዲስ አበባ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ነው። ሀገር ፍቅርንም ብሔራዊ ቴአትርንም በዕድሜ ይበልጣል። የጀርመኑ ጎተ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አለ። የጣሊያን ባህል ማዕከልም በተለይ ክላሲካል ሙዚቃ ለሚወድ ሰው የሚናቅ አይደለም።

የእነዚህ ቤቶች ትልቁ ጥንካሬ ሥርዓታቸው ነው። ይጀመራል የተባለው ሰዓት ላይ ይጀመራል። ድምፁ አይጮህም፣ አያፏጭም። የወሩ ፕሮግራም ቀድሞ ይወጣል፤ ስለዚህ ሰው ቀኑን አስቦ ይቀጥራል። ከውጭ የመጣ ሙዚቀኛ ከእኛው ማሲንቆ ተጫዋች ጋር ተቀናጅቶ ሲጫወት ማየት የሚቻለውም በአብዛኛው እዚህ ነው። በዓመት አንዴ የሚመጣው የአውሮፓ ፊልም ፌስቲቫል ሲኒማ ቤት የማይደርሱ ፊልሞችን በነጻ ያሳያል። ሰኔ 14 ቀን ደግሞ የሙዚቃ ቀን አለ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመሩት ነው፤ አሁን ዓለም ሁሉ ያከብረዋል። በዚያ ሰሞን የአሊያንስን ፕሮግራም አለማየት ሞኝነት ነው።

ጉድለታቸውም አለ። አንዳንድ ምሽት ንግግሩ ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ አርቲስት ለአማርኛ ተናጋሪ ተመልካች በተውሶ ቋንቋ ሲያብራራ መስማት ለእኔ ትንሽ ይከብደኛል። ሁሉም ኮንሰርት ደግሞ ነጻ አይደለም። "ተቋሙ ውስጥ ነው" ማለት "አይከፈልበትም" ማለት ስላልሆነ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። ፍተሻም አለ፣ መታወቂያም ሊጠየቅ ይችላል። አንዳንዱ ቀድማችሁ ስም እንድታስመዘግቡ ይፈልጋል።

መቀራረቡስ? መካከለኛ ነው። ዝግጅቱ ላይ እናንተ ወንበር ላይ ናችሁ፣ አርቲስቱ መድረክ ላይ ነው። ግን ካለቀ በኋላ ሰው ግቢው ውስጥ ትንሽ ይቆያል። ተጫዋቹም መሣሪያውን ከትቶ፣ ቡናውን ይዞ ይወጣል። መጠየቅ የፈለገ ያኔ ይጠይቅ። አብዛኛው ሰው ጭብጨባው እንዳበቃ ወደ ታክሲ ስለሚሮጥ ወረፋ የለም።

ስለ ሰዓት አንድ ማስጠንቀቂያ። ማስታወቂያው ላይ "6፡30" የሚል ካያችሁ "በሐበሻ ነው በፈረንጅ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ነው፣ ማለትም ምሽት 12፡30። ቀኑም እንደዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል። በዚህ ምክንያት በቀትር ፀሐይ የተዘጋ በር ላይ የሚቆም ሰው አይጠፋም።

የመጽሐፍ መድረኮች፦ ምርቃት ወይስ ውይይት?

ሁለቱን ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ልዩነታቸው ግን የሠርግና የሽምግልና ያህል ነው።

ምርቃት ሠርጉ ነው። ደራሲው ሱፍ ለብሶ ፊት ለፊት ይቀመጣል። የክብር እንግዶች በየተራ ይነሱና ያሞግሱታል። መሐል ላይ ክራር ወይም ዋሽንት ይገባል፣ ከመጽሐፉ ቅንጭብ ይነበባል። የሚተች ሰው አይጠበቅም፣ ቢተችም ነውር ነው። መግቢያው ነጻ ነው፤ መጽሐፉ ግን በሩ ላይ ጠረጴዛ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ለምርቃት ሄዶ መጽሐፉን ሳይገዙ ለመውጣት ደረቅ ዓይን ያስፈልጋል። ደራሲው የምታውቁት ሰው ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

ውይይቱ ሌላ ነው። አንድ ሰው መጽሐፉን አንብቦ፣ ጽፎ፣ ተዘጋጅቶ ይመጣል። መነሻ ሐሳብ ያቀርባል። ከዚያ ማይኩ ወደ ታዳሚው ይወርዳል። እውነተኛው ነገር የሚጀመረው እዚህ ነው። አንዱ ይነሳና "ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ" ይላል። አወያዩ ሰዓቱን ያያል። አስተያየቱ ስለ መጽሐፉ ጀምሮ ስለ ደርግ ዘመን፣ ከዚያ ስለ ትምህርት ሥርዓቱ፣ ከዚያ ስለ ራሱ ስለ ተናጋሪው ይሆናል። አወያዩ "እባክዎ ያጠቃልሉልን" ይላል። ሰውዬው "እያጠቃለልኩ ነው" ይልና ሌላ ምዕራፍ ይከፍታል። ቤቱ ይስቃል። ከዚያ ደግሞ ከኋላ ረድፍ፣ የመጽሐፉን ጠርዝ በእርሳስ ጭረት የሞሉ አንድ አዛውንት ብድግ ይላሉ። "ገጽ እንዲህ ላይ ደራሲው ያሉት ቦታ እኔ ነበርኩ" ይላሉ። አዳራሹ ጸጥ ይላል። እንዲህ ያለውን የትም ስክሪን ላይ አታገኙትም።

የዚህ ባህል ዋና ቤት ወመዘክር ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ለዓመታት የመጽሐፍ ውይይት ሲያስተናግድ ኖሯል። ሚዩዚክ ሜይዴይ የሚባለው ድርጅት እሁድ ከሰዓት እዚያ ያሰናዳቸው የነበሩ ውይይቶችን ያልሰማ አንባቢ ጥቂት ነው። የሩሲያ የባህል ማዕከልም፣ ሰው "ፑሽኪን" የሚለው፣ ብዙ መጽሐፍ ተመርቆበታል።

አሁን ደግሞ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተጨምሯል። ታህሳስ 2014 ዓ.ም. ተከፈተ። 19 ሺህ ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ፣ ገጽታው በግዕዝ ፊደላት የተዋበ ሕንፃ ነው። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ መቀመጫው ይመቻል። ለውይይት ግን እንደ እኔ ትንሽ ይገዝፋል። ሰው የሚከራከረው ትከሻ ለትከሻ ሲቀመጥ ነው። ለምርቃት፣ ለንግግር፣ ለትልቅ ጉባኤ አብርሆትን የሚያህል የለም። ለክርክር የወመዘክርን ዓይነት ጠበብ ያለ ቤት እመርጣለሁ። የአብርሆት ሌላው ጥቅም ግን ሊታለፍ አይገባም፤ ዝግጅቱ ባይጥማችሁ ተነስታችሁ መጽሐፍ ታነባላችሁ። ቀኑ በከንቱ አይሄድም።

ከሁለቱ ምረጡ ብትሉኝ ሳላመነታ ውይይት እላለሁ። አንድ ሁኔታ ግን አለው፤ መጽሐፉን አንብባችሁ ሂዱ። ሳያነቡ መሄድ የማያውቁት ሰው ለቅሶ ላይ እንደመቀመጥ ነው። መጽሐፉ ከተወደደባችሁ ከቤተ መጻሕፍት ተዋሱት፤ ወይም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጠይቋቸው። ዋጋ መከራከር እንዳትረሱ።

የግጥም ምሽት ለሚወድም አንድ ቃል። የታወቀው ግጥም በጃዝ መግቢያ ያስከፍላል፤ ስለዚህ ከዚህ ንጽጽር ውጪ ነው። በነጻ የግጥም ድምፅ የሚሰማው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ስድስት ኪሎ ለግጥም አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆመው ግጥም ያነቡ ነበር፤ የአንዳንዶቹ ስንኝ ቤተ መንግሥቱን እስከ ማስቆጣት ደርሷል። ዛሬም በራስ መኮንን አዳራሽና በባህል ማዕከሉ የሚዘጋጁ ምሽቶች አሉ። ተማሪ ካልሆናችሁ ግን በሩ ላይ ጥበቃዎቹን ማስረዳት የእናንተ ፋንታ ነው። የሚያስገባችሁ ተማሪ ብታውቁ ይቀላል።

ማንም የማያያቸው ተማሪዎች

"ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል" ይባል የለ? ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የደረሰባቸው ይሄው ነው። ሁለቱም ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መስመር ላይ ናቸው። ሁለቱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር ናቸው፤ በታላቁ ሰዓሊ በስክንድር ቦጎሲያን ስም በተሰየመው ኮሌጅ ውስጥ። በየቀኑ ሺህ ሰው በታክሲ ያልፋቸዋል። ተማሪዎቹ ሥራቸውን ለሕዝብ ሲያቀርቡ ግን አዳራሹ የሚሞላው በዘመድና በጓደኛ ነው።

በእኔ ሚዛን ከአራቱ አንደኛ የሚወጣው ይህ ነው።

ያሬድን እንውሰድ። የተማሪ ሪሳይታል፣ ማለትም ተማሪዎች በየተራ መድረክ ላይ የሚጫወቱበት ዝግጅት፣ ይህን ይመስላል፦ ፎቶ ኮፒ የሆነች አንዲት ወረቀት ላይ የፕሮግራሙ ዝርዝር አለች፣ ከፊት ረድፍ መምህራን ተቀምጠዋል፣ ከኋላቸው ነጠላ የለበሱ እናቶች አሉ። ፒያኖ የሚያጠናው ይወጣል፣ ቫዮሊኗን ይዛ አንዷ ትቀጥላለች። ከዚያ ክራር ይመጣል። ልጁ በትዝታ ቅኝት አንድ ዜማ ይጫወታል። ቀጣዩ ዜማ በባቲ ስለሆነ ክራሩን እንደገና ይቃኛል። አንዱን ጅማት ላላ ያደርጋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ይነካካል፣ እንደገና ያጠብቃል። አዳራሹ ይጠብቃል። መምህሩ አገጩን ይዞ ያዳምጣል። የተቀነባበረ ኮንሰርት ላይ ይህችን ደቂቃ አያሳዩአችሁም፤ መሣሪያው ተቃኝቶ፣ ተለዋጭ ተዘጋጅቶ ነው የሚወጣው። እዚህ ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው አራቱ ቅኝቶች በምን እንደሚለያዩ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ካለቀ በኋላ ልጁን ቀርባችሁ "ምንድነው የቀየርከው?" በሉት። ክራሩን እጃችሁ ላይ አስቀምጦ ነው የሚያስረዳችሁ። ማሲንቆ ተጫዋቿም እንደዚያው ናት፤ ከአንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ያ ሁሉ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ ሳትጠይቁ አትወጡም። በዐቢይ ጾም ወራት ደግሞ በገና የሚሰማበት ዕድል ሰፊ ነው። አሥሩ ጅማት ሲነዝር ከቅርብ ካልሆነ በድምፅ ማጉያ ያው አይሆንም።

አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው በ1950ዎቹ መባቻ ነው። ስክንድርም ገብረ ክርስቶስ ደስታም አስተምረውበታል። የተመራቂዎች ኤግዚቢሽን አብዛኛውን ጊዜ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይወድቃል። ክፍሎቹ ራሳቸው ማሳያ ይሆናሉ። ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ፣ ወለሉ ላይ ቅርጻ ቅርጽ፣ ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ምን እንደሆነ የማይገባችሁ ከሽቦና ከቆርኪ የተሠራ ነገር። ሠሪው አጠገቡ ቆሟል። ምን ማለት እንደሆነ ለመጠየቅ አትፈሩ። ዓመት ሙሉ ሲደክምበት ከርሞ የሚጠይቀው ሰው ይናፍቀዋል። ሁሉም ሥራ ጥሩ አይደለም፤ ግማሹ ገና ጥሬ ነው። ግን ከአምስቱ አንዱ ያስቆማችኋል፤ ዋጋውም ገና ጋለሪ አልነካውም። ሥዕል መግዛት የሚያምረው ሰው መጀመሪያ እዚህ ይምጣ።

ከዚያው ሳትርቁ ስድስት ኪሎ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። የኤግዚቢሽን መክፈቻ ምሽቶቹን ተከታተሉ። ስለ መክፈቻ ምሽት ግን አንድ ነገር ልበል፤ ለሌላውም ጋለሪ ይሠራል። መክፈቻ ላይ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። ሰው ብርጭቆ ይዞ ሥዕሉን ከልሎ ያወራል። ሰዓሊውን ለማግኘት በመክፈቻው ሂዱ፤ ሥዕሉን ለማየት በማግስቱ ረፋድ ላይ። ጊዜ ያለው ሁለቱንም ያድርግ።

የተማሪዎቹ ዝግጅት ጉድለት ምንድነው? ማስታወቂያ። ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው በር ላይ ነው፣ ወይም ተማሪዎቹ በቴሌግራም እርስ በርስ ይላላኩታል። ስለዚህ በሩን ስታልፉ ቆም ብላችሁ አንብቡ፤ ወይ ጥበቃውን ጠይቁ። የጥበቃዎቹን ያህል የፕሮግራሙን ነገር የሚያውቅ የለም። ሰዓትም አይከበርም። 9 ሰዓት ከተባለ 9፡40 ብትሉ አትሳሳቱም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያለ ማይክ ይቀጥላል፤ ይሄኛውን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም።

አደባባዩ

ደመራ፣ ከተራና ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ኢሬቻ። እነዚህን ከኮንሰርትና ከኤግዚቢሽን ጋር አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ለአንዳንድ ሰው ድፍረት ይመስለው ይሆናል። ልክም ነው፤ የእምነትና የሀገር በዓላት ናቸው፣ ትርዒት አይደሉም። ግን ለዜማ፣ ለአልባሳት፣ ለቃል ግጥም ከነዚህ የበለጠ መድረክ ከተማዋ የላትም። መሥቀል እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀት በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግበዋል። በር የላቸውም፣ ትኬት የላቸውም። ተመልካችና አቅራቢ የሚለው ነገርም እዚህ አይሠራም። ዘማሪው አጠገባችሁ ነው፣ እናንተም ሳታስቡት እያጨበጨባችሁ ነው።

እርስ በርስ ግን ይለያያሉ።

ደመራ መስከረም 16 ከሰዓት መስቀል አደባባይ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ለወራት የተለማመዱትን ያሳያሉ፣ ጳጳሳቱ ይባርካሉ፣ ደመራው ይለኮሳል። ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ግን በጊዜ ካልደረሳችሁ የሚታየው ከሩቅ ብቻ ነው። ፍተሻው ጥብቅ ነው፣ መንገዶች ይዘጋሉ፣ አንዴ ከገቡ መውጣት ቀላል አይደለም። ቦርሳ ባትይዙ ይሻላል። እግር የሚያመው ሰው የሰፈሩን ደመራ ቢያከብር አይቆጨውም፤ እንዲያውም እዚያ ችቦውን ራሱ ይይዛል።

ከተራ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ከየአጥቢያቸው ወጥተው ወደ ጃን ሜዳ ይሄዳሉ። የተለየ ቦታ መያዝ አያስፈልግም። የቅርባችሁን ደብር ታቦት ተከትላችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሲደክማችሁ ትቆማላችሁ፣ ሌላ ይመጣል። ከፊት ካህናቱ በጽናጽልና በከበሮ ያሸበሽባሉ፣ ከኋላ የሰፈር ወጣቶች ምንጣፍ እያጠፉ እየሮጡ ያነጥፋሉ፣ ከጎን የገጠሩን ጭፈራ ይዘው የመጡ ሆ ይላሉ። ስንትና ስንት ዓይነት ዜማ በአንድ መንገድ ላይ። የማግስቱን ጠዋት ጃን ሜዳ ላይ ለማየት ግን ጎህ ሳይቀድ መነሳት ግድ ነው።

ዓድዋ የካቲት 23 ነው። ምኒልክ አደባባይና ጊዮርጊስ አካባቢ ጎፈር የደፉ፣ ጋሻ ያነገቡ፣ ፉከራ የሚያወርዱ ሰዎች ይሞሉታል። ቃል ግጥም ለሚወድ ሰው ሽለላና ፉከራን ከባለቤቱ አፍ፣ ጆሮ ሥር ሆኖ መስማት ትልቅ ነገር ነው። አጠገቡ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። የዓመቱ ሥነ ሥርዓት የትኛው ቦታ እንደሚካሄድና የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ ግን በዋዜማው ሬዲዮ ስሙ።

ኢሬቻ ሆራ ፊንፊኔ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና መሃል ከተማ ላይ መከበር ጀምሯል። ከየአካባቢው የመጣውን አለባበስ በአንድ ቦታ ማየት የሚቻልበት ቀን ነው። ማለዳ ነው የሚጀመረው፤ እንደ ደመራው ሁሉ ፍተሻና የተዘጋ መንገድ ይጠብቃችኋል።

ቴአትር የሚያምራችሁ ከሆነ

በነጻ አትፈልጉት። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቴአትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ መድረክ ላይ ናቸው። ተዋናዩም የሚኖረው በትኬቱ ነው። ነጻ ዝግጅት ፍለጋ ወር ከመንከራተት ከፍሎ አንድ ጥሩ ቴአትር ማየት ይሻላል።

ስትወጡ የሚያሳስቡ ነገሮች

መሄጃው አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው መመለሻው ነው። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከስድስት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ የሚጫን ታክሲ ፍለጋ መቆም የዝግጅቱን ጣዕም ያጠፋዋል። ሰፈራችሁ ሩቅ ከሆነ የቅዳሜና የእሁድ ከሰዓት ዝግጅቶችን ምረጡ፤ ወመዘክርና የተማሪዎቹ ሪሳይታል እዚህ ይበልጣሉ። ማታ ካልሆነ የማይሆን ከሆነ ጭብጨባው ሳያልቅ ውጡ፤ ወይም ወደዚያ መስመር የሚሄድ ሰው ፈልጋችሁ ራይዱን ተጋሩ። ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለው የእግረኛ መንገድ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ሰፍቷል፣ መብራትም አለው። ስለዚህ አሊያንስ ካመሻችሁ በእግር አራት ኪሎ ወጥቶ ታክሲ መያዝ ይቻላል።

ይህ ልማት ግን የራሱን ዋጋ አስከፍሏል። የቆዩ የፒያሳ ቤቶች ፈርሰዋል። ካዛንቺስም ከነአዝማሪ ቤቶቹና ከነፈንድቃ የባህል ማዕከሉ ተነስቷል። የድሮ አድራሻ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉ።

መታወቂያ ያዙ። ብቻችሁን መሄድ አትፈሩ፤ የመጽሐፍ ውይይት ላይ ግማሹ ሰው ብቻውን ነው የሚመጣው። ጓደኛ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ዓይነቱን አስቡበት። ማውራት የሚወደውን ሰው ኮንሰርት አትውሰዱት። ዝምታ የሚወደውን የኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ አታሰቃዩት። ደርሳችሁ ዝግጅቱ ተሰርዞ ካገኛችሁት፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ከሆናችሁ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መግቢያ አያስከፍልም። ከባድ ነው፤ አንጀት ይበላል። ግን ቀኑን ባዶ አታደርጉትም።

ልጅ ለያዘ ሰው

የመጽሐፍ ውይይት ለልጅ ቅጣት ነው፣ ለአጠገቡ ሰውም እንዲሁ። የመክፈቻ ምሽትም አይሆንም፤ የሰው ጉልበት ብቻ ነው የሚያዩት። ኤግዚቢሽን ከሆነ ረፋድ ላይ ውሰዷቸው። "አትንኩ" ማለቱን ትታችሁ "የትኛውን ወደ ቤት ብትወስዱት ደስ ይላችኋል?" ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ከዚያ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ይዞሩታል። አብርሆት የልጆች ክፍል አለው። ያሬድ ላይ ከሁለት ዜማ በላይ አይታገሱም። ስለዚህ ጠርዝ ላይ፣ በር አጠገብ ተቀመጡ፤ ክራሩ ከቀረበ በኋላ ውጡ። ቀድማችሁ የፕሮግራሙን ወረቀት ካያችሁ ክራሩ ስንተኛ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከአደባባዮቹ ውስጥ ለትንንሽ ልጆች የሚሆነው ከተራ ነው፣ ያውም በሰፈራችሁ መንገድ ላይ። መስቀል አደባባይን ትንሽ እስኪያድጉ ተዉት። የትም ብትሄዱ ግን ስልክ ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በልጁ ኪስ ክተቱ። ሁለት ከሆኑ በሁለቱም ኪስ።